600 ብር የተጻፈበት ወርቅ፦ የመታሰቢያ ሳንቲም ይገበያዩበታልን?

የመታሰቢያ ሳንቲም አንድ መንግሥት አንድን ሰው፣ በዓል፣ ድርጊት ወይም ዓላማ ለማሰብ በተወሰነ ቁጥር የሚያስቀርጸው ሳንቲም ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወርቅ ወይም ከብር ማዕድን ቢሠራም እንደ ማንኛውም ሳንቲም የአውጪው አገር ስም፣ ዓመተ ምሕረትና የገንዘብ ልክ ይጻፍበታል። ከሜዳሊያ የሚለየውም በዚሁ የገንዘብ ልክ ነው፤ ሜዳሊያ የቱንም ያህል ወርቅ ቢይዝ ዋጋ ስለማይጻፍበት ጌጥ ወይም ሽልማት ሆኖ ይቀራል፣ የመታሰቢያ ሳንቲም ግን በላዩ የተጻፈው ቁጥር ራሱን ገንዘብ ነኝ ያሰኘዋል። ኢትዮጵያ ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሳንቲሞችን ደጋግማ አውጥታለች፤ 10፣ 25፣ 50፣ 200፣ አልፎም 600 ብር የሚል የተቀረጸባቸው ሳንቲሞች ዛሬም በአንዳንድ ቤተሰቦች ሣጥን፣ በሰብሳቢዎች እጅና በውጭ አገር ጨረታዎች ይገኛሉ። እነዚህን ሳንቲሞች አውጥቶ ዕቃ መግዛት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ቀላል ቢመስልም፣ መልሱ ሕግን፣ የማዕድን ዋጋንና የሕዝብን ልማድ በአንድነት ካላዩ በቀር አይገኝም።

ልማዱን ለማየት ከመሀል አዲስ አበባ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሳሪስ አቦ ጥሩ ቦታ ነው። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው በአቦ፣ ማለትም በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ስም ከታነጸው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ወር በገባ በ5ኛው ቀን፣ ይልቁንም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ክብረ በዓላት፣ ምእመኑ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። በእነዚህ ቀናት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጧፍና ሻማ ከሚሸጡት ጎን የብር ኖት ተቀብለው ሳንቲም የሚዘረዝሩ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ተሳላሚው ለተሰለፉት ነዳያን ሁሉ እንዲዳረስለት አንዱን ኖት በብዙ ባለ 1 ብር ሳንቲም ያስለውጥና እየመጸወተ ይገባል፣ የተረፈውንም ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ይጥላል። በዋናው መንገድ ላይ ደግሞ የሚኒባስ ረዳቶች ያንኑ ባለሁለት ቀለም ሳንቲም መዳፋቸው ውስጥ እያንሿሹ መልስ ይሰጡበታል። ይህ ሳንቲም በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ1 ብር ኖትን እንዲተካ ወደ ሥርጭት የገባ ነው፤ በእጅ የሚቀበለው ሁሉ ግራና ቀኙን ሳያይ የሚያውቀው በመሆኑ የማንኛውም ገንዘብ የመጨረሻው ፈተና፣ በተቀባይ ዘንድ መታወቅ፣ ምን እንደሚመስል በግልጽ ያሳያል።

በዚያው ደጅ ለሚዘረዝሩት ሰዎች በ1974 ዓ.ም. የወጣው ባለ 2 ብር ሳንቲም ቢሰጣቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህ ሳንቲም በዚያ ዓመት በስፔን የተካሄደውን የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ ለማሰብ የተቀረጸ ሲሆን፣ የተሠራበትም ብረት እንደ 25 እና 50 ሳንቲሞቹ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። ወርቅም ብርም አልያዘም፤ አገሪቱ ከምታሳትመው የዘወትር ሳንቲም በማዕድኑ የሚለይበት ነገር የለም፤ በጊዜው ይፋዊ ምንዛሪ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ስለነበረ የዋጋው ልክም በቂ ነበር። ነገር ግን ለዘወትር ሥርጭት የታተመ ባለ 2 ብር ሳንቲም ስለሌለ፣ ዘርዛሪው የማያውቀውን ሳንቲም ገልብጦ አይቶ፣ የሌላ አገር ገንዘብ ወይም መጫወቻ ነው ብሎ ቢመልሰው ሊወቀስ አይችልም። ሳንቲሙ የአገሩ ስም፣ የአገሩ ፊደልና የአገሩ ገንዘብ ልክ ተጽፎበት ሳለ በአገሩ ገበያ ባይተዋር ነው።

የሕጉ ጎን ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። ሕጋዊ መገበያያ ገንዘብ የሚባለው ሕግ ለዕዳ መክፈያነት ያጸደቀው፣ ባለዕዳ ሲያቀርበው ባለገንዘቡ አልቀበልም ሊል የማይገባው ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ ኖትና ሳንቲም የማውጣት ሥልጣን በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ተቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ የጀመረው የብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ዕለት ሥራ ላይ የዋለው የገንዘብ አዋጅ አዲሱን የኢትዮጵያ ገንዘብ ሕጋዊ መገበያያ አድርጎ ደንግጎ ነበር። ሕጉ ግን የሚያስገድደው ዕዳ ሲኖር ነው፤ ዕቃውን ገና ያልሸጠ ባለሱቅ በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚሸጥ የመምረጥ ሰፊ ነጻነት አለው። በብዙ አገሮች የመታሰቢያ ሳንቲም የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። በብሪታንያ የመንግሥቱ ማተሚያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ 20፣ ከዚያም ባለ 50 እና ባለ 100 ፓውንድ የብር ማዕድን ሳንቲሞችን በተጻፈባቸው ዋጋ ልክ ለሕዝብ ሲሸጥ፣ ብዙ ገዢዎች ያለ ኪሳራ የሚመለስ ገንዘብ የያዙ መስሏቸው ነበር፤ ወደ ባንክ ሲወስዷቸው ግን ባንኮቹ ሳንቲሞቹ ለሥርጭት የታሰቡ አይደሉም እያሉ መልሰዋቸዋል። ሕጋዊነቱ አልተካደም፤ የሚቀበለው ግን አልተገኘም።

የአውሮፓ አገሮች የዩሮ ሥርዓት ይህን ችግር በግልጽ ለሁለት ከፍሎታል። በዘወትሩ ባለ 2 ዩሮ መጠንና ብረት የሚሠራው የመታሰቢያ ሳንቲም፣ በአንድ ጎኑ ያለው ሥዕል ብቻ ስለሚለወጥ፣ በዩሮ አገሮች ሁሉ እንደ ማንኛውም 2 ዩሮ ይገበያዩበታል፤ እያንዳንዱ አገርም በዓመት ከሁለት ዓይነት በላይ እንዳያወጣ ተወስኗል። ባለ 5፣ ባለ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው የሰብሳቢዎች ሳንቲም ግን ሕጋዊነቱ ባወጣው አገር ብቻ ተወስኖ ይቀራል። ይህ አከፋፈል ለኢትዮጵያም ትልቅ ትምህርት አለው፤ ሕዝቡ የለመደውን መጠን፣ ክብደትና ቀለም የጠበቀ መታሰቢያ ያለ ማንም አስረጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ልማዱን የጣሰው ግን በሕግም ተደግፎ ከሣጥን አይወጣምና።

ኢትዮጵያ ይህን እውነት ከማንም በፊት በራሷ ታሪክ ውስጥ አይታዋለች። በ1780 እ.ኤ.አ. የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸበት ጠገራ ብር፣ ከሞተች በኋላ ያ ዓመት ሳይለወጥበት ሁልጊዜ እየታተመ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የአገሪቱ ዋና መገበያያ ሆኖ ኖሯል። በገዛ አገሩ በኦስትሪያ ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቢሻርም፣ በኢትዮጵያ ገበያ ግን የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ሳይቀር ቆጥሮ ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጥ ነጋዴ ነበረው። እንዲያውም ጠገራ ብር የሙት ንግሥት መታሰቢያ የሚመስል፣ በገዛ አገሩ አዋጅ ያልተደገፈ፣ ይሁን እንጂ ከየትኛውም ሕጋዊ ገንዘብ የበለጠ የሚገበያዩበት ሳንቲም ነበር።

ዓፄ ምኒልክ የአገራቸው ገንዘብ በራሳቸው ምስል እንዲሆን በ1885 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው፣ ሳንቲሞቹንም በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ አስቀርጸው፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበትን ብር ሥራ ላይ ሲያውሉ ያጋጠማቸው ፈተና ከዚህ የመነጨ ነው። ጠገራው 28 ግራም ከጥቂት ነገር ሆኖ ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ የብር ማዕድን ሲይዝ፣ የምኒልክ ብር ደግሞ 28.075 ግራም መዝኖ ከሺህ 835 እጅ ይይዝ ነበር፤ ተባዝቶ ሲታይ በጠገራው ውስጥ 23.39 ግራም፣ በምኒልክ ብር ውስጥ 23.44 ግራም ንጹሕ ማዕድን አለ ማለት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ብር በማዕድኑም ከፍ ያለ፣ በአዋጅም የተደገፈ ሆኖ ሳለ፣ ከከተማ ርቆ ያለው ገበያ ለብዙ ዓመታት የለመደውን የንግሥቲቱን ምስል መረጠ። ማዕድኑ ብቻ ቢበቃ የምኒልክ ብር ባሸነፈ ነበር፤ አዋጁ ብቻ ቢበቃም እንዲሁ። ሁለቱም ተሟልተው የጎደለው ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ሳንቲሙን ለረጅም ጊዜ በእጅ አይቶ ማመን፣ ነበር።

ሳንቲምን ማወቅ ደግሞ ለአጭበርባሪም በር ይከፍታል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ 50 ሳንቲሙ ከሺህ 800 እጅ የብር ማዕድን የያዘ፣ 25 ሳንቲሙ ደግሞ ከመዳብ የተሠራ ክብ ነበር። ሁለቱ በመጠን ስለሚቀራረቡ፣ ስሙኒውን በብር ቀለም ቀብቶ በ50 ሳንቲም ዋጋ፣ ማለትም በሽልንግ፣ የሚያሳልፍ ተነሣ፤ መንግሥትም የመጀመሪያዎቹን ክብ ስሙኒዎች ሰብስቦ ጠርዙ የተሸነሸነ አዲስ ስሙኒ እንዲወጣ አደረገ። ኋላም የ50 ሳንቲሙ የብር ማዕድን ወደ ከሺህ 700 እጅ ዝቅ ብሏል። የሳንቲም ቅርጽ ስለ ውበት ብቻ እንደማይመረጥ፣ ተቀባይ በጨለማ ቢዳስሰው እንኳ እንዲያውቀው ተብሎ እንደሚሠራ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ታሪክ አይገኝም።

በዚህ ታሪክ ላይ የቆሙት የመታሰቢያ ሳንቲሞች ሁለት ትውልድ ናቸው። የመጀመሪያው በ1958 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን 75ኛ ዓመት ልደትና ወደ ሥልጣን የመጡበትን 50ኛ ዓመት ለማሰብ የወጡት ባለ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር የወርቅ ሳንቲሞች ናቸው። ክብደታቸው እንደ ቁጥራቸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፦ 10 ብሩ 4 ግራም፣ 20 ብሩ 8፣ 50 ብሩ 20፣ 100 ብሩ 40፣ 200 ብሩም 80 ግራም ሲሆን፣ ሁሉም ከሺህ 900 እጅ ወርቅ ናቸው። ይህ ሥርዓት በዘፈቀደ የተያዘ እንዳልሆነ ስሌቱ ይመሰክራል። በዚያን ጊዜ የወርቅ ይፋዊ ዋጋ በአንድ አውንስ፣ ይኸውም በ31.1 ግራም፣ 35 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ይመነዘር ነበር። በ200 ብሩ ውስጥ ያለው 72 ግራም ንጹሕ ወርቅ በዚህ ልክ ሲሰላ 202 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። የተጻፈው ቁጥርና የተቀረጸበት ማዕድን በ1 በመቶ ገደማ ልዩነት እኩል ሆነው የተገናኙበት ጊዜ ነበር ማለት ነው፤ እነዚህ ሳንቲሞች መታሰቢያ ቢሆኑም የተጻፈባቸውን ያህል በእውነት ይመዝኑ ነበር።

ይህ መገጣጠም ግን ዕድሜ አልነበረውም። አሜሪካ በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ዶላርን በወርቅ መለወጥ ስታቆም፣ የወርቅ ዋጋ ከይፋዊው ልክ ተፈትቶ በገበያ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ባለ 200 ብሩን ወርቅ በ200 ብር የሚያወጣ ሰው ቢኖር ወርቁን በነጻ እንደሰጠ ይቆጠር ነበር።

ሁለተኛው ትውልድ ከአብዮቱ በኋላ የመጣው ነው። በ1970 ዓ.ም. የዓለም የዱር አራዊት ገንዘብና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከብሪታንያው የንጉሣዊ ማተሚያ ጋር ሆነው በብዙ አገሮች ስም ባወጡት የአራዊት ሳንቲሞች ተከታታይ ውስጥ ኢትዮጵያም ገብታ፣ ጢም ያለውን የተራራ አሞራ በ10 ብር፣ የደጋ አጋዘንን በ25 ብር የብር ማዕድን ሳንቲሞች ላይ፣ ዋልያን ደግሞ በ600 ብር ወርቅ ላይ አስቀረጸች። የደጋ አጋዘን በዘወትሩ ባለ 10 ሳንቲም ላይም ስላለ፣ ያ እንስሳ በሕዝቡ እጅ በሚገባው በትንሹ ሳንቲምና በሰብሳቢው ሣጥን በሚቀመጠው በትልቁ ሳንቲም ላይ በአንድ ዘመን ታትሟል። ከዚያ ወዲህ የዓለም የሕፃናት ዓመት በ20 ብር የብር ማዕድንና በ400 ብር ወርቅ፣ የአካል ጉዳተኞች ዓመት በ50 ብር የብር ማዕድንና በ500 ብር ወርቅ ታስበዋል። እነዚህ ሳንቲሞች ከመጀመሪያው የታሰቡት ለውጭ አገር ገዢ ነው፤ በሚያንጸባርቅ ጥራት ተቀርጸው፣ በሣጥን ታሽገው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጡ ነበሩ። በዚያን ጊዜ 600 ብር ቀላል ገንዘብ ስላልነበረ፣ ተራው ሠራተኛ አንዷንም አይቷት ያውቃል ብሎ መገመት አይቻልም።

ይሁንና የ600 ብሩ ዋልያ አንድ የሚያስደንቅ ነገር በውስጡ ይዟል። ሳንቲሙ 33.437 ግራም ሆኖ ከሺህ 900 እጅ ወርቅ ስለሆነ በውስጡ 30.09 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. የወርቅ አማካይ ዋጋ በአውንስ 193 ዶላር ገደማ ስለነበረ፣ ወርቁ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 390 ብር ያህል ነበር የሚያወጣው። ስለዚህ ሳንቲሙ በወጣበት ዓመት የተጻፈው ቁጥር ከማዕድኑ በ200 ብር ገደማ ይበልጥ ነበር፤ በመርሕ ደረጃ እንደ ኖት ያለ፣ ከማዕድኑ ይልቅ በአውጪው ቃል የቆመ ገንዘብ ነበር ማለት ነው። ወርቅ በአውንስ 300 ዶላር ሲደርስ ቁጥሩና ማዕድኑ ይተካከላሉ፤ ይህም የሆነው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። በጥር 1972 ዓ.ም. ወርቅ 850 ዶላር በደረሰባት ቀን ያው ዋልያ 1,700 ብር ገደማ የሚያወጣ ወርቅ ሆነ። ሳንቲሙ ከገንዘብነት ወደ ሀብትነት የተሻገረው በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ለዚህም አዋጅ አላስፈለገም፤ ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ወርቁ ብቻ ከፍ አለ።

ቁጥሩ ከማዕድኑ በላይ ሆኖ ሲቀር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ለዚህም ትልቁ ምስክር ጃፓን ናት። በ1986 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶን 60ኛ ዓመት የንግሥና ዘመን ለማሰብ የወጣው ባለ 100,000 የን ሳንቲም 20 ግራም ንጹሕ ወርቅ ብቻ ይዞ ነበር፤ ወርቁ የሚያወጣው ከተጻፈው ግማሽ ያነሰ ነበር። ሰፊ ልዩነት ስላለው እውነተኛ ወርቅ ገዝቶ ሐሰተኛውን ሳንቲም መቅረጽ አዋጭ ሆነ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ ሐሰተኛ ሳንቲሞች በአገሪቱ ባንኮች በኩል ማለፋቸው ታወቀ። ወርቁ እውነተኛ፣ ገንዘቡ ሐሰተኛ የሆነበት ይህ ጉዳይ መታሰቢያ ሳንቲምን ለሥርጭት ማሰብ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ያሳያል።

ወደ ሳሪስ ሲመለሱ፣ ዛሬ ዋልያውን የያዘ ሰው ወደ ገበያው ቢወጣ ሳንቲሙ ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች ይሰጡታል። ባለሱቁ በተጻፈው ልክ ሊቀበለው ቢስማማ እንኳ የሚሰጠው የ600 ብር ዕቃ ነው። ወርቅ ቤት ቢገባ አንጥረኛው በሚዛን ያስቀምጠዋል፣ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ንጥረቱን ያያል፣ ስለ እንስሳውም ስለ ዓመተ ምሕረቱም ሳይጨነቅ ግራሙን በዕለቱ ዋጋ ያሰላል፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ግራም ወርቅ በብዙ ሺህ ብር ስለሚሸጥ ስሌቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ይሆናል። ሦስተኛው ሰብሳቢ ነው፤ እርሱ የሚከፍለው በሳንቲሙ ብርቅነት፣ ባልተጫረ ፊቱና በመጀመሪያ ሣጥኑ መኖር ላይ ተመሥርቶ ነው። ሁለተኛው ዋጋ ከአንደኛው እጅግ የራቀ ስለሆነ፣ በሕግ መገበያያ የመሆኑ ጉዳይ ለባለቤቱ ምንም አይጠቅመውም። ለባለ 2 ብሩ የእግር ኳስ ሳንቲም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማዕድኑ የሚቀልጥ ብዙ ዋጋ ስለሌለው ለአንጥረኛው ከንቱ ነው፣ ባለሱቁም አያውቀውም፣ ስለዚህ የሚቀረው ሰብሳቢው ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው መንገድ ማቅለጥ ነው። ጠገራና የምኒልክ ብሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ለመስቀል፣ ለአንባርና ለጌጥ ተቀልጠዋል፤ በጊዜው ብዛታቸው ስለሚያስተማምን ማንም አላዘነላቸውም፣ አሁን ግን የምኒልክ ብር ሙሉ መልኩን እንደያዘ በቀላሉ የማይገኝ ሆኗል። የመታሰቢያ ሳንቲሞች ከእነዚያም በቁጥር እጅግ ያነሱ ስለሆኑ፣ አንድ ዋልያ በቀለጠ ቁጥር የጠፋውን ማንም መተካት አይችልም። ማንም የራሱን ንብረት እንደፈለገው ያደርግ ዘንድ መብቱ ነው ቢባልም፣ ሳንቲሙ ገና ሕጋዊ ገንዘብ ከሆነ ጉዳዩ ከግል መብት ያልፋል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ገንዘብ መሥራትን ብቻ ሳይሆን የሳንቲምን ማዕድን አጉድሎ ማስተላለፍንም በወንጀልነት ይመለከታልና።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጎደለው አንድ ቀላል ነገር፣ በሰፊው ሕዝብ እጅ የሚገባ ዝርዝር ነው። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት የመታሰቢያ ሳንቲሞች የትኞቹ ዛሬም ሕጋዊ ገንዘብ እንደሆኑ፣ የትኞቹ ከሥርጭት እንደወጡ፣ ባንክ ቢቀርቡ በተጻፈው ዋጋ ይመነዘሩ እንደሆነ፣ ከምስላቸው፣ ከክብደታቸውና ከንጥረታቸው ጋር በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ቢታተም፣ ከአያት የወረሰው ሰው አንጥረኛ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ያየዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡና የ200 ብር ኖት ሲወጣ እያንዳንዱ ባንክ ምስሉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ የመለያ ምልክቶቹን እያሳየ፣ አሮጌው የሚመለስበትን ጊዜ አሳውቆ ነበር፤ ያ ሥራ በ90 ቀናት ውስጥ የሚሊዮኖችን ልማድ መለወጥ ከቻለ፣ ለጥቂት ሺህ ሳንቲሞች የሚሆን አንድ ገጽ ከአቅም በላይ አይደለም።

ወደፊት አዲስ የመታሰቢያ ሳንቲም እንዲወጣ የሚታሰብ ከሆነም ምርጫው ግልጽ ነው። ለውጭ ምንዛሪና ለሰብሳቢ የታሰበው በወርቅና በብር ማዕድን ይሠራ፣ መገበያያ እንዳልሆነም ከመጀመሪያው ይነገር። ሕዝቡ እንዲያስታውስበት የታሰበው ደግሞ በሳሪስ አቦ ደጅ ከዘርዛሪው መዳፍ ወደ ነዳያኑ እጅ በሚሄደው በባለ 1 ብሩ ሳንቲም መጠን፣ ክብደትና ሁለት ቀለም ተሠርቶ፣ የአንድ ጎኑ ሥዕል ብቻ ተለውጦ ቢወጣ፣ ነዳያኑም፣ የታክሲ ረዳቱም፣ ሙዳየ ምጽዋት ቆጣሪውም ሳይጠራጠሩ ይቀበሉታል።